ለውጥ ሲመጣ እውቀቱ የት ይሄዳል? ጎንደር ላይ የመሥሪያ ቤት ለውጥና የእውቀት አያያዝ ጥናት ለሚሠሩ ዝርዝር መመሪያ

በግንቦት ወር በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ኮፒ ቤት ገብቶ የሚጠረዙትን የመመረቂያ ጽሑፎች ርዕስ ያነበበ ሰው የቀረውን ሳይገልጥ መገመት ይችላል፦ «የለውጥ አመራር በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፤ የእገሌ መሥሪያ ቤት ሁኔታ»። አርባ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ምርጫ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ከዚያ «አዎንታዊና ጉልህ ግንኙነት ተገኝቷል»። በእውቀት አያያዝ ላይ የሚጽፈውም «የለውጥ አመራር» የሚለውን አውጥቶ «የእውቀት አያያዝ» ይተካበታል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ችግሩ ስሌቱ ላይ አይደለም። መጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚበተነው በሰው ኃይል አስተዳደር በኩል ነው። ሠራተኛው ደግሞ ስንት ግምገማ ያለፈ ሰው ነው፤ ከአለቃው እጅ የተቀበለውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» እያለ ሞልቶ ይመልሳል። በዚያ ላይ ምክንያት የተባለውንም ውጤት የተባለውንም ያው ሰው፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቁጭታ ስለሚሞላው ሁለቱ አብረው ቢወጡና ቢወርዱ አይገርምም። የተለካው የሰውየው የዚያን ቀን ስሜት ሊሆን ይችላል።

እዚህ የምናሳየው ሌላ መንገድ ነው፦ አንድ ለውጥና አንድ ሥራ መርጦ፣ ሥራው ከለውጡ በፊትና በኋላ በማን እጅ፣ በምን እውቀት እንደሚያልፍ ዱካውን መከተል። መጠይቅ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለምሳሌ የምንይዘው የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው፤ በወረቀት ካርድ ሲሠራ ኖሮ አሁን የታካሚ መዝገብ በኮምፒውተር የገባለት።

ጥያቄውን ማጥበብ

ለውጡን ሲመርጡ ሦስት ነገር ይፈትሹ። ለውጡ ከተጀመረ ቢያንስ 6 ወር ይሙላው፣ ከ3 ዓመት ግን አይለፈው፤ ከዚያ ያነሰው ገና ግርግር ነው፣ ከዚያ የበለጠውን ሰዉ ይረሳዋል፣ ወይም ማስታወስ በሚፈልገው መልክ ያስታውሰዋል። ሥራው በቀን ቢያንስ 10 ጊዜ የሚደጋገም ይሁን፤ በወር አንዴ የሚሠራ ሥራ በምልከታ አይያዝም። የድሮውን አሠራር በእጁ የሠራ ቢያንስ ሦስት ሰው ከተማው ውስጥ ይገኝ፤ ጡረታ የወጣም ቢሆን።

ካርድ ክፍል ሦስቱንም ያሟላል። የመሬት ይዞታ ማህደር ወደ ዲጂታል ሲዞርም እንዲሁ። ከዚህ ወጣ ያለ ነገር የሚፈልግ ደግሞ የቅርስ ጥገናን ይመልከት። በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲጠገን ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር፤ በኋላ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። ኖራው ውኃ ጠጥቶ ምን ያህል መቆየት እንዳለበት፣ አሸዋው ስንት እጅ እንደሚገባ አንዱ ግንበኛ ከሌላው እንዴት እንደሚማር መከታተል ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል።

የጥናቱ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ውስጡም የሚታይ ነገር ይኑር። «ዲጂታል ለውጥ በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ምን ተጽዕኖ አለው?» የሚለው የትም አያደርስም። «የወረቀት ካርድ ሲቀር፣ የጠፋ ካርድ የሚገኝበት ብልሃት ወደ ማን ተላለፈ? ምኑስ ቀረ?» የሚለው ግን ነገ ጠዋት የት ሄደው ምን እንደሚያዩ ይነግርዎታል። «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ከርዕስዎ ቢያወጡት ዲፌንስ ላይ (ጥናቱን ፈታኞች ፊት ሲያቀርቡ) ከግማሹ ጥያቄ ይድናሉ። በአንድ ወቅት በተሰበሰበ መረጃ ተጽዕኖን ማሳየት እጅግ ከባድ ነውና።

ሁለት የሚያሳስቱ ቃላት

«ለውጡ» የሚለውን ቃል ብቻውን አይጠቀሙበት። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ለውጡን እንዴት አዩት?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ ስለ ካርድ ክፍሉ ሳይሆን ስለ ፖለቲካ የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል፤ ያኔ ወይ ዝም ይላል ወይ መፈክር ይነግርዎታል። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ በየጊዜው የመጡትን የአሠራር ማሻሻያዎች፣ ቢፒአርን፣ ቢኤስሲን፣ ካይዘንን፣ አንድ ለአምስትን አንድ በአንድ አሳልፏል፤ «ለውጥ» ሲባል የሚታወሰው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ነገሩን በስሙ ይጥሩት፦ «ኮምፒውተሩ ከገባ ወዲህ»፣ «መደርደሪያው ከተነሣ በኋላ»።

«እውቀት»ም እንዲሁ ነው። «ምን ዓይነት እውቀት አለዎት?» ሲባል ሰው የሚቆጥረው ዲፕሎማውንና የወሰደውን ሥልጠና ነው። 22 ዓመት ካርድ ያወጡ እናት «እኔ ምን እውቀት አለኝ ልጄ፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ» ይሉና በዚያው ያበቃል። «ብልሃቱ ምንድነው?»፣ «እጅዎ እንዴት ለመደው?»፣ «አዲስ ሰው ሲመጣ የሚስተው ምኑን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ንድፈ ሐሳብ፦ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ

ምዕራፍ ሁለት ላይ አሥር ሞዴል መደርደር ልማድ ሆኗል። ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ስለ ለውጥ፣ ሌላው ስለ እውቀት።

በለውጥ በኩል ኩርት ሌዊን በ1947 ያቀረበው የሦስት ደረጃ ሐሳብ (ማላላት፣ ማሻገር፣ ማጽናት) ቀላልና ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የሚበቃ ነው። የጆን ኮተር ስምንት እርምጃዎች (1995) የሚወደዱት ዝርዝር ስለሆኑ ነው፤ ነገር ግን የተጻፉት ለውጡን ራሱ ለሚመራ የኩባንያ አመራር ነው። ለውጡ ከክልል ወይም ከፌዴራል በደብዳቤ ተመርቶ ለሚወርድለት ጤና ጣቢያ «የለውጥ ራዕይ ቀርጿል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳው አይታየንም።

በእውቀት በኩል መነሻው ማይክል ፖላኒ ነው፦ ሰው መናገር ከሚችለው በላይ ያውቃል። ጃፓናውያኑ ኖናካና ታኬውቺ በ1995 ይህን ወደ አራት እንቅስቃሴ ዘረዘሩት፦ ከሰው ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፍ ወደ ሰው። ጎንደር ላይ ይህን ለማስረዳት ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። አቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ) ለመማር ጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ደቀ መዝሙር መጽሐፉ አለው፣ ምልክቱም ተጽፎለታል፤ ግን መጽሐፍ ይዞ ብቻውን የተማረ የለም። ከመሪጌታው ጎን ቆሞ፣ ጽናጽልና መቋሚያውን ይዞ፣ እየተመታና እየታረመ ነው። ጽሑፍ መኖሩና እውቀቱ መተላለፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ማንዋል ተዘጋጅቷል» የሚል ሪፖርት ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

ሦስተኛ መጨመር ግድ ከሆነ የገብርኤል ሹላንስኪን የ1996 ጥናት ይያዙ። በአንድ ድርጅት ውስጥ እውቀት ከክፍል ወደ ክፍል የማይሻገረው ሰው ስለማይፈልግ ብቻ ነው የሚለውን ግምት ፈትኖ፣ ትልልቆቹ እንቅፋቶች የተቀባዩ የመረዳት አቅም፣ አሠራሩ ለምን እንደሚሠራ ግልጽ አለመሆኑና የሁለቱ ወገኖች ግንኙነት መሻከር መሆናቸውን አሳይቷል። «ሠራተኛው ለውጡን ተቃወመ» ለማለት የቸኮለ ተማሪ ይህን ቢያነብ ጥሩ ነው።

ደብዳቤና የቀን አቆጣጠር

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ፕሮፖዛል ይጸድቃል፣ ከዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ኤቲካል ክሊራንስ (የጥናት ሥነ ምግባር ፈቃድ) ይወጣል፣ ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፣ ኃላፊው ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ማስታወሻዎ ላይ ይያዙ፤ «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ሲባል የሚያድነው ያ ቁጥር ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይመድቡለት። ጤና ተቋም ላይ ከሆነ የታካሚ ስምና ሕመም እንደማይመዘግቡ በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ ይጻፍ፤ ፈቃዱ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ይህ ስለሚቀር ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሁሉም ሪፖርት ላይ ስለሆነ ቃለ መጠይቅ አይታሰብም። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር የእንግዳ ከተማ ናት፤ ከጥር 9 እስከ 13 ቀጠሮ አይያዙ። በዐቢይ ጾም ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉት፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለረጅም ወሬ ትዕግሥት የለውም። መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቋረጥ መረጃ መሰብሰቢያው ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ይሁን። ኮቦ የሚባለው የስልክ መጠይቅ መሙያ ይህን ይችላል፤ ወረቀት ደግሞ ሁልጊዜ ይችላል።

ምልከታ፦ አምስት ቀን መደርደሪያው ጥግ

ከጥናቱ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አምስት የሥራ ቀን ካርድ ክፍል ውስጥ መንገድ በማይዘጋ ጥግ ይቀመጡ። የመጀመሪያውን ቀን መረጃ አይቁጠሩት፤ ሰዉ እስኪለምድዎት ድረስ ሁሉም እንደ ደንቡ ነው የሚሠራው። በቀሩት አራት ቀናት 60 የካርድ ፍለጋ ይመዝግቡ፤ 40ው ወረፋ ከሚበዛበት ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:30፣ 20ው ከሰዓት በኋላ።

ቅጹ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ፍለጋው የተጀመረበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ በመጀመሪያ የተሞከረው መንገድ፣ ካልሠራ ቀጥሎ የተሞከረው፣ የተጠየቀ ሰው ካለ የሥራ መደቡ፣ የተገኘ ወይም ያልተገኘ። ስም አይጻፍም፤ ተራ ቁጥር ብቻ። ሰዓት ላይ ይጠንቀቁ፦ እርስዎ 3:10 ብለው የጻፉትን ሲስተሙ 9:10 ይለዋል። በቅጹ ራስጌ «በእኛ ሰዓት» ብለው ካልጻፉ ሁለቱን መረጃ ሲያጋጥሙ ስድስት ሰዓት ይጠፋብዎታል። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የ2015 በጀት ዓመት ከሐምሌ 2014 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ያለው ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሐምሌ 2022 እስከ ሐምሌ 2023 መሆኑ ነው።

እዚያ ጥግ ምን ይታያል? አንድ ስም እንውሰድ፦ ኃይለሥላሴ። ያው ድምፅ ያላቸው ፊደላት ስላሉን የመጀመሪያው ፊደል ስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» በሁለት፣ «ሴ»ም በሁለት። ስድስት ሲባዛ ሁለት ሲባዛ ሁለት 24 ይሆናል፤ «ኃይለ ሥላሴ» ተብሎ ተለያይቶ ሲጻፍ ደግሞ 48። ፊደሎቹን እንደ አንድ እንዲቆጥር ያልተሠራ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የተለየ ሰው ነው ይላል። በላቲን ፊደል ከተመዘገበማ ሌላ ጣጣ ነው። ነባሯ ካርድ አውጪ ግን ይህን ሳትቆጥር ታውቀዋለች፦ ስሙን ትሰማለች፣ «አባትህ ማን ነበር? ከየት ቀበሌ ነህ? የመጣኸው ከጾም በፊት ነው ከጾም በኋላ?» ትላለች፣ ሄዳ ታወጣዋለች። ታካሚው የልደት ቀኑን አያውቅ ይሆናል፤ የመጣበትን ሰሞን ግን አይረሳም። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው የልደት ቀን ነው፤ እሷ የምትጠይቀው ሰሞኑን ነው። ይህች ልዩነት ከአርባ ጥያቄ መጠይቅ አትገኝም።

የሰውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውንም ነገር ይዩ። መደርደሪያ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ባለቀለም ፕላስተር፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ፍላጻ፣ ኮምፒውተሩ ሥር የተቀመጠ ደብተር፤ እነዚህ እውቀት የተቀመጠባቸው ቦታዎች ናቸው። ደብተሩን በተለይ ይከታተሉት። ሲስተም ከገባ በኋላ በግል የሚያዝ ደብተር ካገኙ ሰዎች ሲስተሙ ያልያዘላቸውን ነገር እዚያ አስቀምጠዋል ማለት ነው። ለኃላፊው ግን አይንገሩ፤ ደብተሩ በማግስቱ ይሰወራል፣ እርስዎም አብረው ይሰወራሉ።

ቃለ መጠይቅ

ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ጌስት፣ በንስና ጆንሰን በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይነት ካላቸው ሰዎች በ12 ቃለ መጠይቅ አካባቢ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ አማካሪዎ «ለምን 12?» ሲሉ መልሱ ይህ ነው። ክፍፍሉ ግን ከቁጥሩ ይበልጣል፦ 4 ነባር ሠራተኞች፣ 3 ሲስተሙ ከገባ በኋላ የተቀጠሩ፣ 3 የካርዱ ተጠቃሚዎች (ነርስ ወይም ጤና መኮንን)፣ 1 የአይሲቲ ባለሙያ፣ 1 ኃላፊ፣ 2 የተዛወሩ ወይም ጡረታ የወጡ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወርቅ ናቸው፤ የሚፈሩት አለቃ የላቸውም።

ሰውየው በዕድሜ የገፉ ከሆነ «አንቱ» ይበሉ፤ «እርስዎ» የቢሮ ቋንቋ ስለሆነ ወሬውን ያደርቀዋል። ሲጀምሩ ሲስተሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ነው፤ ይህ መልስ ደግሞ ምንም አይነግርም። ተጨባጭ አጋጣሚ ይጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ጠፍቶ ያስቸገራችሁ ካርድ ነበር? ከመጀመሪያው ንገሩኝ እስቲ።» ከዚያ «ቀጥሎስ?» እያሉ ብቻ ይከተሉ።

ከሁሉ የሚሠራ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዓመት ፈቃድ ላይ ሳሉ ከመሥሪያ ቤት ተደውሎልዎት ያውቃል? ስለ ምን?» የሚደወልለት ሰው እውቀቱ ያለው ሰው ነው፤ የተደወለበት ጉዳይ ደግሞ ያልተጻፈው እውቀት ነው። «ሲቸግርህ ማንን ትጠይቃለህ?» የሚለውንም ለሁሉም ጠይቀው መልሱን በቀስት ይሣሉት። ቀስቶቹ የሚሰበሰቡበት ሰው በድርጅቱ መዋቅር ላይ ከታች ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ።

ድምፅ መቅዳት ብዙ ሰው አይወድም። ከፈቀደ ይቅዱ፤ ካልፈቀደ አይለምኑ፣ በእጅ ይያዙና የዚያኑ ዕለት ማታ ይገልብጡ፤ ካደረ ግማሹ የራስዎ ቃል ይሆናል። የአንድ ሰዓት ቅጂ በአማርኛ ለመተየብ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይያዙለት።

መጠይቅ የግድ ከሆነ

አማካሪዎ ቁጥር ከፈለጉ መጠይቁን ከቃለ መጠይቁ በተገኙት ቃላት ይሥሩት። ለናሙና መጠን የያማኔ ቀመር የተለመደ ነው፦ የሠራተኛው ብዛት ሲካፈል ለ (1 + ብዛቱ × 0.0025)፤ 0.0025 የሚመጣው የ5 በመቶ የስህተት ህዳግ በራሱ ሲባዛ ነው። 240 ሠራተኛ ካለ 240 ÷ 1.6 = 150፤ ለማይመልሱት 10 በመቶ ሲጨመር 165። ሠራተኛው 60 ከሆነ ቀመሩ ወደ ላይ ተጠግቶ 53 ይሰጣል፤ ሰባት ሰው ለመተው ዕጣ ማውጣት አያስፈልግም፣ ለሁሉም ይስጡ።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ይጠንቀቁ። «ሲስተሙ ሥራዬን አላቀለለም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ በአማርኛ ራስ ያዞራል፤ በችኮላ የሚሞላ ሰው በተቃራኒው ያስቀምጠዋል። ክሮንባክ አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው ቁጥር) ከ0.70 በታች ወርዶ ሲያስደነግጥዎት መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ የተገለበጡትን ጥያቄዎች ኮምፒውተሩ ላይ መልሰው መገልበጥዎን ይዩ። የመጠይቁን ሙከራ በአቅራቢያው አዘዞ ወይም ማክሰኚት ባለ ተመሳሳይ ተቋም ከ10 እስከ 15 ሰው ላይ ያድርጉ። የተሞላው ወረቀት በታሸገ ፖስታ ለእርስዎ ይመለስ፤ በሰው ኃይል በኩል አይሁን።

ትንተናው

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ቢሆንም ኮድ የሚደረገው (ንግግሩ እየተቆራረጠ የሐሳብ ስያሜ የሚሰጠው) በአማርኛው ላይ ነው። ቀድሞ ከተተረጎመ «ብልሃት»፣ «ልምድ»፣ «ሙያ»፣ «መላ» ሁሉም አንድ ቃል ሆነው ይወጣሉ፤ ልዩነቱ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። በግራ በኩል ያገኟቸውን የእውቀት ቁራጮች ይዘርዝሩ፤ ከ60 ፍለጋና ከ14 ቃለ መጠይቅ ከ25 እስከ 40 ቢወጣ ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ይሙሉ፦ ቀድሞ የት ነበር (በወረቀት፣ በሰው፣ በዕቃና በቦታ፣ በሰዎች ግንኙነት)፣ አሁንስ ምን ሆነ (ተሻገረ፣ መልኩን ለወጠ፣ ተደበቀ፣ ጠፋ)። ለምሳሌ «የመጣበትን ሰሞን መጠየቅ» በሰው ነበር፤ አዲሶቹ ሠራተኞች ካልጠየቁ ጠፍቷል፣ ነባሯን እየጠሩ ካስጠየቁ ተደብቋል። «በቀለም የተለየ መደርደሪያ» በዕቃ ነበር፤ መደርደሪያው ሲነሣ አብሮ ሄዷል። ከጽሑፉ አንድ አምስተኛውን የሚሆን ለጓደኛዎ ሰጥተው ለብቻው ኮድ ያድርገው፤ ያልተስማማችሁባቸውን ቁራጮች አንድ በአንድ ተነጋገሩባቸው፣ ውይይቱንም ምዕራፍ ሦስት ላይ ይጻፉት።

መደምደሚያ ከመጻፍዎ በፊት ሌሎች ምክንያቶችን ይፈትሹ። ሠራተኛው ወደ ወረቀት የተመለሰው ሲስተሙን ጠልቶ ነው ወይስ መብራት ጠፍቶ? የምልከታ ቅጽዎ ላይ መብራት የጠፋባቸውን ሰዓቶች ካስቀመጡ ይህ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል፤ ካላስቀመጡ በጭራሽ አይታወቅም።

ማንነት መሰወሩ ላይ ደግሞ ጎንደር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ መሆኗን አይርሱ። «የ22 ዓመት ልምድ ያላት ሴት ካርድ አውጪ» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። «ነባር ሠራተኛ» ይበሉ፤ ዓመቱን፣ ጾታውን፣ የክፍሉን መለያ አንድ ላይ አያስቀምጡ።

ረቂቁ ሲያልቅ፣ ለአማካሪ ከመሰጠቱ በፊት፣ ሠንጠረዡን በሁለት ገጽ አማርኛ አትመው ካርድ ክፍሉ ድረስ ይውሰዱት። ነባሮቹ ፊት አንድ በአንድ ያንብቡት፤ «ይሄ እንዲህ አይደለም» ያሉትን ኅዳጉ ላይ በቀይ ይጻፉ፣ ማን እንዳለው ሳይሆን ምን እንደተባለ። «ጠፍቷል» ያላችሁት አንዳንዱ እዚያው ሲነበብ መላው ይገኛል፤ ቀይዎቹን እርማቶች ከመጀመሪያው ረቂቅ ጋር አባሪ አድርገው ያስገቡ።